የአሞን ቀንድና የአሞን ጨው

ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከግራናይት የተጠረበ አንድ አውራ በግ ተኝቷል። ፀጉሩ በመደዳ እየተጠቀለለ ተቀርጿል፤ ቀንዶቹ ጆሮዎቹን ዞረው ወደ ጉንጩ ይታጠፋሉ። ከአገጩ ሥር፣ በሁለት የፊት እግሮቹ መካከል፣ አንድ ትንሽ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቁመቱ የበጉን ጉሮሮ አያልፍም። በጉ አሞን የተባለው አምላክ ነው። ትንሹ ሰው የኩሽ ንጉሥ ታሃርቃ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ2ኛ ነገሥት 19 ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ የሚለው እሱን ነው። ሐውልቱ የተሠራው ከ2,700 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ካዋ በሚባል ቦታ ለቆመ ቤተ መቅደስ ነበር።

የዚህ በግ ስም ዛሬ የፀጉር ቀለም ካርቶን ላይ «ከአሞኒያ ነፃ» ተብሎ ይነበባል። የቢራ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። የነርቭ ሐኪሞች የአንጎልን አንድ ቁራጭ በሱ ይጠራሉ፤ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ደግሞ ከምድር የጠፋ አንድ የባሕር እንስሳ። ገበሬውም ሳያውቀው በየክረምቱ ዋዜማ ይጠራዋል። ስሙ እዚህ ሁሉ የደረሰው በሁለት መንገድ ነው፦ አንዱ ቀንዱ፣ ሌላው ጨው። ከመነሻው ልተርከው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ከክርስቶስ ልደት 2,000 ዓመት ግድም በፊት አሞን የአንድ ከተማ አምላክ ነበር፤ ከተማዋም ዛሬ ሉክሶር የምንላት ቴብስ ናት። ስሙ በጥንቱ ግብፅኛ «የተሰወረው» ማለት ነው። ራ ፀሐይ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሐፒ የአባይ ሙላት ስለሆነ እግሩ የረጠበ ሁሉ ያውቀዋል። አሞንን ግን ያየ የለም። እንግዲህ የማይታይ አምላክ ከማንኛውም ከሚታይ ጋር ሊዳበል ይችላል። የቴብስ ሰዎች ዙፋኑን ሲይዙ አምላካቸው ከራ ጋር ተዳብሎ አሞን ራ ሆነ። በ1990 ቅ.ል.ክ. ገደማ የነገሠው ቀዳማዊ አመነምሃት ስሙ ራሱ አሞን ከሁሉ ይቀድማል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አሜንሆቴፕ የሚባሉ ነገሥታት ተከታትለው መጡ፤ የካርናክ ቤተ መቅደስም ከንጉሥ ንጉሥ እየሰፋ ሄደ፤ መግቢያውም በግራና በቀኝ በተደረደሩ የድንጋይ በጎች ተሞላ።

ከዚያ ስሙን የሚጠላ ንጉሥ ተነሣ። በ1350 ቅ.ል.ክ. ገደማ አኽናተን የፀሐይን ገበታ ብቻ አመልካለሁ ብሎ ጠራቢዎችን መሮና መዶሻ አስይዞ በየአገሩ ላከ። የተላኩት ሐውልት ለመስበር ብቻ አልነበረም፤ ፊደል ለመፋቅም ነው። ከፍ ባለ ሐውልት አናት ላይ ሳይቀር ወጥተው አሞን የሚለውን ስም ፋቁት። አባቱ አሜንሆቴፕ ይባል ስለነበር የአባቱንም ስም ግማሹን ፋቀው። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ቱታንኻተን የተባለው ብላቴና ዙፋን ላይ ወጣና ስሙን ቱታንኻሙን ብሎ ለወጠ። ከወርቅ ጭምብሉ ጋር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የዚህ ልጅ ስም መጨረሻ ላይ ያለው «አሙን» ያ የተፋቀው ስም ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። በየጊዜው «አሜን የምንለው ለግብፁ አሞን ነው» የሚል ሰው ይነሣል፤ ሲናገረውም ትልቅ ምሥጢር ያወጣ ይመስለዋል። አሜን የሴም ቋንቋዎች ቃል ነው፤ በግዕዝ አምነ፣ በአማርኛ አመነ፣ እምነት፣ ታማኝ የምንላቸው የበቀሉበት ሥር ነው። የግብፁ ስም ሥር መሰወር ነው። የሎጥ ዘር የሚባሉት አሞናውያንም በዕብራይስጡ በዐይን ፊደል የሚጻፉ፣ ከበጉ ጋር የማይገናኙ ሕዝብ ናቸው። አማርኛችን አውንም ዐውንም በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ለጆሯችን ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። መመሳሰል ግን ዝምድና አይደለም። ይህን ነገር ቆይቼ ጨው ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ግብፆች ወደ ደቡብ ሲዘምቱ አሞንን ይዘው ሄዱ። ሣልሳዊ ቱትሞስ በ1450 ቅ.ል.ክ. ገደማ በአባይ ዳር ብቻውን ከቆመ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ተራራ ሥር ደረሰ። ዛሬ ጀበል ባርካል ይባላል። ከተራራው ተነጥሎ የቆመው የድንጋይ ዓምድ ራሱን ያነሣ እባብ ይመስላል፤ ግብፆችም የአሞን ማደሪያ ይህ ነው አሉ። እነሱ ከመምጣታቸው ብዙ ቀደም ብሎ ግን በዚያው በደቡብ፣ በኬርማ መቃብሮች ውስጥ ራሳቸው ላይ ጌጥ የተደረገላቸው በጎች ከሰው ጋር ይቀበሩ ነበር። የበጉን መልክ ማን ለማን እንዳበደረ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። እኔ ስሙ ከሰሜን፣ በጉ ከደቡብ ነው ወደሚሉት አደላለሁ።

ያም ሆነ ይህ ግብፅ ስትደክም አሞንን አጥብቀው የያዙት ኩሾች ናቸው። በ728 ቅ.ል.ክ. ገደማ ንጉሥ ፒዬ ወደ ሰሜን ሲዘምት ወታደሮቹ ቴብስ ሲደርሱ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ በወንዙ ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው በአሞን ፊት እንዲቆሙ አዘዘ። ከ690 እስከ 664 ቅ.ል.ክ. የነገሠው ታሃርቃ በካርናክ ግቢ ያቆማቸው ዓምዶች አንዱ ዛሬም ሙሉ ቁመቱን ይዞ ቆሟል። ንጉሥ የሚመርጠውም አሞን ነበር። አስፔልታ የተባለው ንጉሥ ባስቀረጸው ጽሑፍ መሠረት የንጉሡ ወንድሞች በጣዖቱ ፊት ቀርበው አምላኩ ዝም አለ፤ አስፔልታ ሲቀርብ ግን ተናገረ። ዝምታውን ሲተረጉሙ የነበሩት ካህናት ምን ያህል ኃይል እንደነበራቸው መገመት አያዳግትም።

ግሪኮች አሞንን የሚያውቁት በሌላ በር ነው። ከሜዲትራንያን ጠረፍ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ በረሃው ውስጥ ሲዋ የሚባል የቴምርና የጨው ሐይቅ አገር አለ። እዚያ የአሞን መቅደስ ነበር፤ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሁሉ ትንቢት ይነገርበታል። ግሪኮቹ አሞን የኛው ዜውስ ነው አሉና ስሙን በአፋቸው ልክ «ዜውስ አሞን» አደረጉት። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ስለ በጉ ራስ አንድ ተረት መዝግቧል። ሄራክልስ አምላኩን ካላየሁ ብሎ ቢያስቸግረው አምላኩ መታየት ስላልፈለገ በግ አርዶ፣ ቆዳውን ለብሶ፣ ራሱን ከፊቱ ይዞ ወጣለት። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ተራኪው የስሙን ትርጉም ሳያውቅ አልቀረም፤ የተሰወረው አምላክ ታየ ሲባል እንኳ የታየው የበግ ቆዳ ብቻ ነው።

በ331 ቅ.ል.ክ. ታላቁ እስክንድር ወደ ሲዋ ተጓዘ። በመንገድ ውኃ አለቀባቸው፤ ዝናብ ዘነበ። አሸዋው ምልክቱን ሲሸፍንባቸው ቁራዎች መሩን ያሉ አሉ፤ ከጄኔራሎቹ አንዱ የነበረው በጥሊሞስ ግን ሁለት እባቦች ናቸው ብሏል። ከሁሉ ለእኔ የሚጥመኝ ፕሉታርክ ያስቀመጠው ነው። ካህኑ እንግዳውን በግሪክኛ በፍቅር «ልጄ ሆይ» ሊለው ፈልጎ «ፓይዲዮን» በማለት ፈንታ አፉ ተሳስቶ «ፓይ ዲዮስ» አለ። ሁለተኛው «የዜውስ ልጅ» ማለት ነው። አንዲት «ን» በ«ስ» ተቀየረችና የመቄዶንያው ወጣት የአምላክ ልጅ ሆኖ ከመቅደሱ ወጣ። እውነት ይሁን አይሁን የባዕድ ቋንቋ እየሞከረ የተሳሳተ ሰው ሁሉ ለዚህ ካህን ያዝንለታል።

እስክንድር ከሞተ በኋላ ከጄኔራሎቹ አንዱ ሊሲማኮስ ባሳተመው የብር ገንዘብ ላይ የጌታውን መልክ አስቀረጸ፤ ከጆሮው በላይ የተጠቀለለ የበግ ቀንድ አለበት። ያ ሳንቲም ስንት እጅ እንደ ዞረ ማን ይቆጥራል? ቅዱስ ቁርኣን በአል ካህፍ ምዕራፍ ስለ ዙልቀርነይን፣ ማለትም ስለ ባለ ሁለት ቀንዱ ይተርካል፤ ብዙ ተርጓሚዎች እስክንድር ነው ብለዋል። የእስክንድር ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስም ባለ ሁለት ቀንድ የሚለው መጠሪያ አብሮት ገባ። በግዕዙ ላይ እስክንድር የሚጾም፣ የሚጸልይ፣ በሥላሴ የሚያምን ንጉሥ ነው። ቀንዱ ግን ከራሱ አልወረደም። የበጉን አምላክ ሰምቶ የማያውቅ የደብር ጸሐፊ ብራናው ላይ የአሞንን ቀንድ ገለበጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጨው። የእስክንድርን ዘመቻ የጻፈው አሪያን የሲዋ አገር ጨው ከመሬት ተቆፍሮ እንደሚወጣ ይነግረናል። ካህናቱ ከዘንባባ በተሠራ ቅርጫት አድርገው ለንጉሡ ገጸ በረከት ይወስዱታል፤ አንዳንዱ ፍሬ ከሦስት ጣት ይሰፋል፤ እንደ መስተዋት የጠራ ስለሆነ ከባሕር ጨው ይልቅ ለመሥዋዕት ይመረጣል። ሮማዊው ፕሊኒ በ77 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው ትልቅ የተፈጥሮ መጽሐፍ ላይ ይህን የአሞን ጨው ያነሣል፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ሳለ ይቀላል፣ ብርሃን ሲያይ ይከብዳል የሚል ወሬም አክሎበታል። ስሙ የመጣው አሸዋ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው ባይ ነው፤ አሸዋ በግሪክኛ «አሞስ» ነውና። ከመቅደሱ አጠገብ የሚቆፈር ጨው ስሙን ከአሸዋው ከሚወስድ ከአምላኩ ቢወስድ ይቀለኛል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ ከበሩ ድንጋዮች በሚተርክበት በመጨረሻው ክፍል፣ ቀንዱም ብቅ ይላል። ፕሊኒ «የአሞን ቀንድ» የሚባል፣ ወርቅማ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ድንጋይ ከኢትዮጵያ እጅግ ቅዱሳን ድንጋዮች አንዱ መሆኑንና ለያዘው ሰው የትንቢት ሕልም እንደሚያሳይ ጽፏል። ኢትዮጵያ ሲል የታሃርቃን አገር ማለቱ ነው። ድንጋዩ በዛሬ ዕውቀት ቅሪተ አካል ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ መንገዶች፣ ቀንዱና ጨው፣ በአንድ ሰው መጽሐፍ ተገናኝተው ከዚያ ተለያዩ።

ቃል ገብቼ ነበርና ልመለስ፦ አሞሌ የሚለው ቃላችን ከአሞን ጨው ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቸኩሉ። ነገሩ ያጓጓል። አፋር ላይ በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ፣ ገንዘብ ሆኖ የኖረው ጨው ከሲዋ ካህናት ቅርጫት ጋር ቢዛመድ ማን ይጠላል? ነገር ግን ከድምፁ መመሳሰል በቀር የሚጨበጥ የለም።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በሊቢያ በረሃ አውጂላ ላይ ለአሞንና ለእስክንድር ይሠዋበት የነበረውን መቅደስ አስዘግቶ ቤተ ክርስቲያን አሠራበት። አምላኩ በዚህ አበቃ። ስሙ ግን በነጋዴ ከረጢት ውስጥ ቀጠለ።

የጨው ስም እዚህ ላይ ሳይታወቅ ባለቤት ለወጠ። የሲዋው ጨው ተራ የማዕድን ጨው ሳይሆን አይቀርም። የዐረብና የፋርስ ቀማሚዎች፣ ከነሱም በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የሚጠሩት መጻሕፍት፣ ኑሻዲር ስለሚሉት ሌላ ጨው ይጽፋሉ። እሳት ላይ ሲቀመጥ ሳይቀልጥ ይተናል፤ ከላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ እንደ አመዳይ ይጋገራል። መዳብ ለሚበይድ ሰው ዝገት የሚጠርግለት እሱ ነው። መጻሕፍቱ ወደ ላቲን ሲገለበጡ ኑሻዲርና የአሞን ጨው አንድ ተደረጉ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የያዘው ይህኛው ነው።

ይህ ጨው ለብዙ ዘመን ወደ አውሮፓ የሚሄደው ከግብፅ ነበር። የተሠራበትም ነገር ከኛ ቤት የራቀ አይደለም፤ ኩበት ነው። በግብፅ የማገዶ እንጨት እምብዛም ስለሌለ ሰዉ የግመልና የከብት እበት ከጭድ ጋር ለውሶ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ አድርቆ ያነድ ነበር። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት የጭስ መውጫው ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ሰዎች እየዞሩ ይገዙታል፤ በትልልቅ ክብ ጠርሙስ ሞልተው ለቀናት ከሥር እሳት ያነዱበታል፤ በመጨረሻ ጠርሙሱ ሲሰበር አንገቱ ጋ ነጭ ቂጣ የመሰለ ጨው ተጋግሮ ይገኛል። ከብቱ ከሣር ያገኘው ናይትሮጅን በእበቱ፣ ከእበቱ በጭሱ፣ ከጭሱ በጥቀርሻው አልፎ መጣ። የኛ እናቶች ጎጆ ጣራ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ ግን ገዢ አላገኘም። ኩበት ሲነድ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ቀንዱም በዚያው ጊዜ ሥራ ላይ ነበር። በ1742 ፈረንሳዊው ቀዶ ጠጋኝ ክሯሳን ደ ጋረንዦ አንጎል ሲመረምር ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ የተጠቀለለ ቁራጭ አየ፤ የበግ ቀንድ መሰለውና በላቲን «የአሞን ቀንድ» አለው። ከሱ በፊት አንድ ጣሊያናዊ የባሕር ፈረስ ይመስላል ብሎት ነበር፤ ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። እንግሊዝ ዊትቢ ላይ ደግሞ ከባሕር ገደል የሚወድቁትን የተጠቀለሉ ድንጋዮች ሕዝቡ ቅድስት ሂልዳ ወደ ድንጋይ የለወጠቻቸው እባቦች ናቸው ይል ነበር። እባብ ከሆኑ ራስ የላቸውም ብሎ የሚጠይቅ ስለማይጠፋ ሻጮቹ የእባብ ራስ ይቀርጹላቸው ነበር። በ1789 የተፈጥሮ ተመራማሪው ብሩጊዬር እነዚህን ቅሪቶች አሞናይት አላቸው። ከዳይኖሰር ጋር አብረው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለቁ፣ ዛጎል ለባሽ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ባሕር በነበረበት በጁራሲክ ዘመን እዚያም ይዋኙ ነበር፤ በሐረርና በድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ቅሪታቸው ተገኝቷል።

በ1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ የአሞንን ጨው ከኖራ ጋር ቀላቅሎ አሞቀ። የሚወጣውን አየር ለመያዝ በዚያ ዘመን የተለመደው ውኃ የሞላ ጠርሙስ ዘቅዝቆ አረፋውን ማጠራቀም ነበር። ይህ አየር ግን ውኃ ሲነካ ይጠፋል፤ አንድ ሊትር ውኃ ከዚህ አየር በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይውጣል። ፕሪስትሊ ውኃውን ትቶ በባዜቃ ተካው። ባዜቃ አይውጠውም። አየሩ እጁ ገባ፦ ዓይን አያየውም፣ መልክ የለውም፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በ1782 የኡፕሳላው ስዊድናዊ ቶርበርን በርግማን አሞኒያ የሚል ስም አወጣለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤርቶሌ የተባለው ፈረንሳዊ አንድ እጅ ናይትሮጅንና ሦስት እጅ ሃይድሮጅን መሆኑን አሳየ። «የተሰወረው» የሚለውን የግብፅኛ ትርጉም በርግማን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ የግብፅን ጽሑፍ ማንበብ የተቻለው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የተሻለ ግጣም ስም ግን አስቦም አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ዓመት ለአሞኒያ የትንንሽ ሥራ ዘመን ነው። ራሷን ለሳተች እመቤት አፍንጫ ሥር ይያዛል፤ መስኮት ይወለወልበታል፤ ካርል ፎን ሊንደ ከ1876 ጀምሮ የጀርመን ቢራ ጠማቂዎች በበጋም እንዲጠምቁ በአሞኒያ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሠራላቸው።

በ1898 እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ክሩክስ ስንዴ የሚበላው ዓለም ሊራብ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ማሳ የሚያዳብረው የቺሊ በረሃ ናይትሬት ማለቁ አይቀርምና። አየር አምስት እጅ ቢከፈል አራቱ ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ የተያያዙበት እጅ አይላቀቅም። ካርልስሩኸ ላይ ፍሪትስ ሃበርና ረዳቱ ሮበርት ለ ሮሲኞል ያንን አላቅቀው ከሃይድሮጅን ጋር በማዋሃድ አሞኒያ ሠሩ፤ ከፍተኛ ሙቀት፣ 200 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የአየር ግፊት፣ ራሱ ሳያልቅ ሌሎቹን የሚያዋህድ ኦስሚየም የተባለ ብረት። በሐምሌ 1909 የባስፍ ኩባንያ ሰዎች ሊያዩ መጡ። አንድ ብሎን ፈነዳና ሰዓታት ባከኑ፤ ካርል ቦሽ ሳያይ ሄደ። የቆየው አልዊን ሚታሽ ነው፤ እሱ ፈሳሹ አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲል አየ።

ቦሽ ግን ፋብሪካ የሚያደርገው ሰው ሆነ። ችግሩ ብዙ ነበር። ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ካርቦኑን እየነጠቀ ቱቦውን እንደ ብስኩት ያደርገውና ይፈነዳል። ቦሽ ከውስጥ ለስላሳ ብረት አልብሶ የውጪውን ጠንካራ ብረት በትንንሽ ቀዳዳ በሳው፤ ያመለጠው ጋዝ በቀዳዳው ይወጣል። ኦስሚየም በዓለም ላይ ጥቂት ስለሆነ ሚታሽ ሌላ ፍለጋ በሺህ የሚቆጠር ሙከራ አደረገ፤ በመጨረሻ ከስዊድን ጋሊቫሬ የመጣ የብረት ማዕድን ሠራለት። በመስከረም 1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ተነሣ። በዓመቱ ጦርነት ሆነና ማሳ ይጠብቅ የነበረው አሞኒያ ወደ ፈንጂ ሄደ። ሃበር ራሱ ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ኢፕር ላይ ክሎሪን ያስለቀቀው ሰው ነው። ኬሚስት የነበረችው ባለቤቱ ክላራ ኢመርቫር በዐሥረኛው ቀን በገዛ ሽጉጡ ራሷን ገደለች። ለሃበር የ1918 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይሁዲ ተወላጅ ነበርና በ1933 አገሩን ጥሎ ለመውጣት ተገደደ፤ በዓመቱ ባዝል ላይ ሞተ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሹ ያህል የሚበላው በዚህ ሰው አሞኒያ መሆኑን ሊቃውንት ይገምታሉ።

ኦፓው ላይ የተከመረ ማዳበሪያ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። መስከረም 21 ቀን 1921 ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ እንዳደረጉት በድማሚት ሊፈረካክሱት ሲሞክሩ ክምሩ ራሱ ፈነዳ። ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ቤይሩት ወደብ ላይ የነጎደውም ይኸው ዘር ነው፤ አንድ መርከብ በ2013 አምጥቶ የተወው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት። ከ200 በላይ ሰው የሞተባት ያች ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት የነበሩባት ናት።

የቀንዱም ነገር አላቆመም። በ1934 ስፔናዊው ሎሬንተ ደ ኖ የአንጎሉን የአሞን ቀንድ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ሰጥቶ ከፋፈለው፤ ሐኪሞች ዛሬም በነዚሁ ቁጥሮች ይጠሩታል። በ1953 ሄንሪ ሞለይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው እንዲቀርለት ይህ ክፍሉ በሁለቱም በኩል ተቆርጦ ወጣለት። በሽታው ቀለለ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ያገኘውን ሰው ሁሉ ረሳ። እስኪሞት 55 ዓመት ያህል፣ ተመራማሪዋ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቃት ነበር። ትዝታ የሚከተበው በበጉ ቀንድ ውስጥ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ሕልም ያሳያል የተባለለት ድንጋይ ትዝ ይለኛል፤ ግጥምጥም ብቻ ነው፤ ግን ትዝ ይለኛል።

ወደ ኢትዮጵያ ስሙ በከረጢት ገባ። በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ለገበሬዎች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ ጀመር። በርግማን ስዊድናዊ፣ የጋሊቫሬ ማዕድን ስዊድናዊ፣ ካዱም ስዊድናዊ፤ ይህች አገር ከአሞን ጋር ምን እንዳላት እንጃ። ሁለቱ ማዳበሪያዎች ዳፕና ነጩ ዩሪያ ነበሩ። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ዳፕ ደግሞ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ሲያጥር ነው፤ በላቲን ፊደል DAP ተብሎ ሲጻፍ መካከል ላይ ያለችው ፊደል አሞን ናት። ፒዬ ወታደሮቹን ያሳጠበለት፣ አኽናተን በመሮ ያስፋቀው ስም አንዲት ፊደል ሆኖ «ዳፕ መጣ ወይ?» ሲባል ይጠራል። በኋላ ኤንፒኤስ የተባለ ሌላ ማዳበሪያ ቢተካውም ዳፕ የሚለው ከአፍ አልወጣም።

አማርኛም እዚህ ላይ የራሱን ሥራ ሠራ። ማዳበሪያ ማለት መሬት የሚያዳብር ነገር ነው። ማሳው ላይ ከተበተነ በኋላ ግን ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ይቀራል፤ ጠንካራ ነው፣ አይጣልም። ጤፍ ይገባበታል፣ ከሰል ይገባበታል፣ ተማሪ ልብሱን ይሸክፍበታል። ጥቂት ቆይቶ ከረጢቱ ራሱ ማዳበሪያ ተባለ። አዲስ አበባ ተወልዶ እርሻ አይቶ የማያውቅ ልጅ «በማዳበሪያ አድርግልኝ» ይላል።

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንዲት እናት ኩበት ይሸጣሉ። ከፊታቸው የቆመው ከረጢት ጽሑፉ በፀሐይ ለቋል፤ 18-46-0 የሚለው ግን ይነበባል። ኩበቶቹ ክብ ናቸው፤ የጣት ምልክት አለባቸው።

«እማማ፣ ማዳበሪያው ስንት ነው?» አልኳቸው።

ዋጋውን ነገሩኝና ቀና ብለው አዩኝ። «ማዳበሪያዬ ግን አይሸጥም ልጄ። ኩበቱን ገልብጠህ ትመልስልኛለህ።»